አራት ዳዶ

ዳዶው መዳፌ ላይ ነው። ሶማሌ ተራ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ለብቻው የገዛሁት ነው። ስድስት ገጽ አለው፤ ከአንዱ ገጽ እስከ ትይዩው 21 ሚሊ ሜትር። ውስጡ የተቆረጠው ጥርስ 12 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ብሎን ነው። አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊ ሜትር ይራመዳል። አንደኛው ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ሌላኛው ግን ዙሪያውን ተሞርዶ እንደ ጎጆ ክዳን እየጠበበ ይሄዳል። መኪና በነዳሁባቸው ዓመታት ይህን ጠባብ ጫፍ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ያሳዩኝ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ናቸው፤ ከሸኖ ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በኅዳር ወር፣ አጨዳ በደረሰበት ሰሞን።

የቪትዜ የቀኝ የኋላ ጎማ ነፍሶ ነበር። ኋላዋ ወዲህና ወዲያ ሲዋልል ተሰማኝ። ፍሬን በኃይል አልረገጥኩም። ነዳጁን ለቅቄ፣ ፍጥነቱ በራሱ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ከአስፋልቱ ወርጄ ደልደል ያለ ቦታ ላይ ቆምኩ። አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ክሪኩን አውጥቼ መኪናዋን ማንሳት ጀመርኩ።

«ልጄ፣ ቆይ እስቲ። መልሰህ አውርዳት» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ገና እየጀመርኩ እኮ ነው።»

«ገና ስለሆንክ ነው ቆይ የምልህ።»

አይሱዙአቸውን ከፊቴ አቁመው ወርደዋል። እጃቸው ላይ አንጸባራቂው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ። መኪናዋን ገና አልነኩም። ወደ መጣሁበት አቅጣጫ በዳር በኩል እየቆጠሩ ሄዱ፤ ሃምሳ እርምጃ። እዚያ ኮረብታውን የሚዞር ኩርባ አለ። ምልክቱን ከኩርባው ወዲህ ሳይሆን ወዲያ አቆሙት። ወዲህ ቢያቆሙት ኖሮ የሚመጣው ሹፌር ምልክቱንና እኔን እኩል ያየን ነበር፤ ፍሬን መያዣ ጊዜ አይኖረውም።

ሲመለሱ በእግራቸው ድንጋይ እያገላበጡ መጡ። ድንጋይ ሲመርጡ ግንበኛ ይመስላሉ። ድቡልቡሉን ይተዉታል፤ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ሾል ያለውን ያነሱታል። ለታኮ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። ጠፍጣፋው መሬቱን ይይዛል፤ ሾል ያለው በጎማውና በመሬቱ መካከል ይገባል። ሁለቱን መርጠው በግራ የፊት ጎማ ሥር፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ፣ በተረከዛቸው መትተው አስገቡ። ከሚነሳው ጎማ በሰያፍ በጣም የሚርቀው ይሄ ነው።

የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ ካምቢዮውም ፓርኪንግ ላይ ነው አልኳቸው። ሁለቱንም አመሰገኑልኝ፤ ታኮውን ግን አላነሱም። ምክንያቱን በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግልጽ ሆነልኝ። የቪትዝ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ከኋላ አንዱን ካነሳሁ የቀረኝ አንድ ነው። ፓርኪንጉ ደግሞ የሚቆልፈው ሞተሩ የሚነዳቸውን የፊት ጎማዎች ነው። ያን ቀን ሁለቱም መሬት ላይ ስለነበሩ ይይዝ ነበር። የነፈሰው የፊት ጎማ ቢሆን ኖሮ ግን ፓርኪንጉ አይታመንም። አንዱ የፊት ጎማ አየር ላይ ከሆነ ዲፈረንሻሉ እሱን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ መሬት ላይ ያለውን ወደ ሌላው እንዲዞሩ ይፈቅድላቸዋልና መኪናዋ ልትንሸራተት ትችላለች። ድንጋይ እንዲህ ያለ ሰበብ የለውም። የትኛውም ጎማ ቢነሳ ሥራው ያው ነው።

ቀጥሎ ስኮርታው። ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸው። ስኮርታ የጣልያንኛ ቃል ነው። ክሪክ፣ ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ታኮም ከዚያው የመጡ ናቸው፤ በዚያ መንገድ ዳር ከእጅ ወደ እጅ የተቀባበልናቸው ዕቃዎች በሙሉ ማለት ይቻላል። ሕንዶች ትርፍ ጎማን እስከ ዛሬ «ስቴፕኒ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1904 በዌልስ ላኔሊ ከተማ የዴቪስ ወንድማማቾች ለመኪና ትርፍ ጎማ መሥራት ሲጀምሩ ሱቃቸው የነበረበት መንገድ ስሙ ስቴፕኒ ነበር። ከዚያ በፊት ጎማው የነፈሰበት ሰው እዚያው መንገድ ላይ ጎማውን ከቸርኬው እየፈለቀቀ ይጠግን ነበር። ተዘጋጅቶ፣ አየሩን ይዞ፣ ተራውን የሚጠብቅ ሌላ ጎማ የሚለው ሐሳብ መኪና ከኖረ በኋላ የመጣ ነው።

የኔው ቀጭኑ ዓይነት ነው። ጎኑ ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል፤ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ፣ የአየሩ ግፊትም 4.2 ባር እንዲሆን። ይህ የተለመደው የመኪና ጎማ ከሚይዘው እጥፍ ገደማ ነው። ጎማው ጠባብ ስለሆነ ክብደቱን የሚሸከመው በግፊት ነው። ጋሼ ጎኑን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። አልገባም። ከዚያ አራቱን የምርት ቁጥሮች ፈለጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ቢል የ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ማለት ነው። አንብበው ዝም አሉ። ዝም ማለታቸውን እንደ ይሁንታ ወሰድኩት። ስኮርታውን በመኪናዋ ጎን ሥር፣ ክሪኩ ከሚገባበት አጠገብ፣ በጀርባው አስተኙት። ክሪኩ ቢንሸራተት መኪናዋ የምታርፈው ሰው ላይ ሳይሆን ጎማ ላይ ይሆናል።

መፍቻውን ያነሱት ይሄኔ ነው። መኪናዋ ገና መሬት ላይ ናት፤ ያስወረዱኝም ለዚህ ነበር። ጎማው አየር ላይ ሆኖ ዳዶ ቢታገሉት ጎማው አብሮ ሊዞር ይችላል፣ ክሪኩም ይናወጣል። መሬት ላይ ሲሆን ግን መኪናዋ ራሷ በክብደቷ ይዛ ታግዛለች። መፍቻውን ዳዶው ላይ እስከ መጨረሻው አስገቡና እጀታውን ወደ ግራ አጋደሙት። እንደዚያ ሲሆን ማላላት ማለት ወደ ታች መጫን ነው፤ ወገብ አይጎዳም፣ መፍቻውም ከዳዶው አይወጣም። የመጀመሪያው ዳዶ አልነቃነቅ አለ። ከጥቂት ወራት በፊት ጎሚስታ ቤት በአየር መፍቻ እያንጫጩ ያጠበቁት ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ጠበቀልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ አልደነገጡም፣ አልዘለሉበትም። የጫማቸውን ሶል እጀታው ላይ አሳርፈው ክብደታቸውን ቀስ በቀስ ለቀቁበት። ዳዶው ሲጥ ብሎ ተለቀቀ። እያንዳንዱን ግማሽ ዙር ብቻ አላሉት። ከዚያ በላይ አንድም አልጨመሩም።

የክሪኩ ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። የቪትዝ ወለልና ጎን የሚገናኙበት ጠርዝ ወደ ታች የወረደ ቀጭን የቆርቆሮ ከንፈር አለው። ከኋላ ጎማው ትንሽ ወደ ፊት ሲሉ በዚህ ከንፈር ላይ ሁለት ትናንሽ ጎድጓዶች ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ብረት ብቻ ክብደት እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ ነው። የክሪኩ ራስ ደግሞ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ከንፈሩ እዚያ ውስጥ ይገባል። እኔ ቅድም ያስገባሁት አንድ ስንዝር ያህል አልፎ ነበር። በጣታቸው ዳብሰው አገኙትና የኔንም ጣት ወስደው አስነኩኝ።

ክሪኩ አራት ክንድና አንድ ረጅም ጥርሳም ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲዞር ክንዶቹ ይቀራረባሉ፣ ራሱ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ ክንዶቹ ወደ መሬት የተጋደሙ ስለሆኑ ይከብዳል፤ እየቆሙ ሲሄዱ ይቀላል። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ነውና እጅ ቢለቀው መኪናዋ ወደ ኋላ አታዞረውም። ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ እኔ በቃ ብዬ ነበር። ጋሼ ጥቂት ዙር ጨመሩ። የነፈሰ ጎማ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚገባው አየር የሞላ ነው፤ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ ከመኪናዋ ሥር እጅም ራስም አይገባም።

አራቱን ዳዶዎች በጣት ፈትተው በተገለበጠው የቸርኬ ክዳን ውስጥ አኖሯቸው፤ አፈር ላይ አላስቀመጧቸውም። ከዚያ አንዱን አንስተው በጨርቅ ጠርገው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«የቱ ጎን ነው ወደ ቸርኬው የሚገባው?»

«ሰፊው ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

አልመለሱልኝም። የነፈሰውን ጎማ ነቅለው ቸርኬውን አዙረው ቀዳዳውን አሳዩኝ። የብሎኑ ቀዳዳ ክብ ብቻ አይደለም፤ አፉ እንደ ጀበና ማስቀመጫ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይገባል። የዳዶው ጠባብ ጫፍ እዚያ ውስጥ ሲገባ ልክ ይሆናል፤ ሁለቱም የተሞረዱት በ60 ዲግሪ ነው። ቀዳዳው ከብሎኑ ትንሽ ይሰፋልና ቸርኬው መጀመሪያ ሲሰቀል ይወዛወዛል። ዳዶዎቹ ሲጠብቁ ግን አራቱ ሾጣጣዎች ከአራት አቅጣጫ እየገፉ ቸርኬውን ትክክል መሐል ላይ ያስቀምጡታል። ሰፊው ጎን ቢገባ ኖሮ ዳዶው የሚነካው የቀዳዳውን ከንፈር ብቻ ነበር። የጠበቀ ይመስላል፤ ጎማው ግን ይንቀጠቀጣል፣ ዳዶውም ይላላል።

ሁለተኛው ጨርቅ ለሞዞው ነበር። ሞዞ የምንለው ቸርኬው የሚደገፍበት፣ ብሎኖቹ የበቀሉበት ክብ ብረት ነው። ፊቱ ላይ የደረቀ ጭቃና ዝገት ነበር። ጋሼ በጨርቅ፣ እምቢ ያለውን በመፍቻው ጫፍ እየፋቁ፣ ብረቱ እስኪታይ አጸዱት። እዚህ ላይ የጠፋው ጊዜ ከሁሉም ይረዝማል፤ እኔ ብሆን ጨርሶ የምዘለው ሥራ ነው። ሆኖም ጎማውን የሚይዘው ይህ ፊት ነው። ብሎኖቹ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር ያጣብቁታል፤ ከዚያ በኋላ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለው ሰበቃ ነው። መሐላቸው አፈር ከቀረ ዳዶው ዛሬ ይጠብቃል። አፈሩ በመንገድ ተፈጭቶ ሲያልቅ ግን ክፍተት ይተዋል።

ከብሎኖቹ አንዱ ወደ ላይ ቆሞ ነበር። ስኮርታውን አስጠግተው የጫማቸውን ጫፍ ከሥሩ አስገቡና ከፍ አደረጉት፤ ላይኛው ቀዳዳ ላይኛው ብሎን ላይ ተንጠለጠለ። ሌሎቹ ሦስቱ ራሳቸው መጡ። ዳዶዎቹን መፍቻ ሳይነካቸው በጣት ብቻ አስገቧቸው። ጣት ጥርስ ሲጣመም ያውቃል፤ መፍቻ ግን አያውቅም፣ በጉልበቱ ጥርሱን በልቶት ያልፋል። አንዱ በሁለተኛው ዙር ላይ ያዝ ሲያደርገው ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ጀመሩት። አራቱም ሾጣጣቸው እስኪገባ ድረስ በጣት ሄዱ። ከዚያ በመፍቻ በቀስታ፣ በመስቀል፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ። አጠገብ ለአጠገብ ቢያጠብቁ ቸርኬው ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ይቀመጥ ነበር።

መኪናዋን አውርደው የመጨረሻውን ማጥበቅ ለኔ ሰጡኝ። ለቪትዝ ዳዶ የተወሰነው መጠን 103 ኒውተን ሜትር ነው። 30 ሴንቲ ሜትር በሚሆን እጀታ ጫፍ ላይ ሲሰላ የ35 ኪሎ ያህል ጫና ማለት ነው። በዚህ ጫና እያንዳንዱ ብሎን በግምት 4 ቶን በሚሆን ኃይል ቸርኬውን ወደ ሞዞው ይስባል። ብሎኑ ራሱ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ወደ ቦታው ልመለስ እያለ ነው የሚይዘው። የ70 ኪሎ ሰው እጀታው ላይ ቢቆምበት የሚፈለገውን እጥፍ ይሰጠዋል። ጥርሱ ዘይት ከተቀባም በዚያው ጫና ብሎኑ ይበልጥ ይለጠጣል። ስለዚህ በእግር ማላላት ይቻላል፤ ማጥበቅ ግን በእጅ ነው።

«የኔን ባየህ» አሉኝ፣ ወደ አይሱዙው እየወሰዱኝ። በቀኝ በኩል ያሉት ብሎኖች ራሳቸው ላይ «አር»፣ በግራ በኩል ያሉት «ኤል» የሚል የፈረንጅ ፊደል ተቀርጾባቸዋል። የግራዎቹ ጥርስ ግልባጭ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይላላሉ። ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ዳዶው እንዳይፈታ ታስቦ የተሠራ ነው። ፊደሉን ያላየ አዲስ ረዳት ሊፈታ ብሎ እያጠበቀ ብሎን ይሰብራል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ በአውራ ጣታቸው ፊደሉ ላይ የነበረውን አቧራ ጠረጉት።

ከዚያ ታኮዎቹን አነሱ። አጠገባችን ካለው ቦይ ማዶ ወረወሯቸው፤ አንዱ ወደ አስፋልቱ ሲንከባለል ሄደው መልሰው አነሱት። የተበላሸ መኪና ሄዶ ድንጋዩ መንገድ ላይ የቀረበት ቦታ በሌሊት ስንት ሰው እንደሚጎዳ የሚያውቅ ያውቃል። በመጨረሻ ሃምሳውን እርምጃ ሄደው ምልክታቸውን ይዘው መጡ። ለምስጋና የዘረጋሁትን እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ዳዶዎቹን ድገማቸው አሉኝ።

ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ቆምኩና መፍቻውን አወጣሁ። ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም። አራተኛው የጥፍር ስፋት ያህል ዞሮ ጥብቅ አለ።