የሻጋታ ሙያ

በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ ስለ አፈር ሲነሳ ወሬው በአብዛኛው ስለ አሲዳማነቱ ነው፤ ሰብሉ ይቀጭጫል፣ ገበሬው ኖራ ይፈልጋል። እኔ የማደንቀው ግን ብዙ ባክቴሪያዎች የማይወዱትን ይህን አሲድ ችለው የሚኖሩትን ሻጋታዎች ነው።

ሻጋታ አፍ የለውም። ኢንዛይም ወደ ውጭ ያመነጫል፣ ምግቡን እዚያው ያሟሟል፣ ከዚያ ይመጥጠዋል። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። አንድ ቁንጣሪ አፈር በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ አቅጥኖ፣ ስታርች ባለው አጋር (ጄል መሰል ማሳደጊያ) ላይ አሳድጎ፣ ከቀናት በኋላ አዮዲን ማፍሰስ ነው። ሳህኑ ጠቁሮ ሰማያዊ ሲሆን፣ ስታርቹን በበላው ሻጋታ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይቀራል። ከላቦራቶሪ ሥራ ሁሉ የዚህን ያህል ደስ የሚለኝ የለም።

ኢንዛይሙን ለማምረት ደግሞ ውድ ነገር አያስፈልግም፤ በእንፋሎት የጸዳ እርጥብ የስንዴ ፉርሽካ አስፐርጊለስ ለተባለው ሻጋታ ድግስ ነው። ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካ ውስጥ የኢንዛይም ፓተንት ያገኘው ፉርሽካ ላይ ባሳደገው ሻጋታ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካን ጦር የሸራ ዕቃ ያበሰበሰው ትሪኮደርማ የተባለ ሻጋታም ዛሬ ሴሉሎስን የሚያሟሟው ኢንዛይም፣ ሴሉሌዝ፣ ይመረትበታል፤ ኢንዛይሙም ጂንስ ለማለስለስ ያገለግላል።

እነእንጅባራ ባሉበት በአዊ ዞን ዲከረንስ የተባለው የግራር ዛፍ ሴሉሎስ ያለው ቅጠል በየደኑ ሥር ይረግፋል። ሴሉሎስ የሚበላ ሻጋታ ፈልግ ብባል የመጀመሪያውን አፈር የምዘግነው እዚያው አዊ ውስጥ ካለው ከፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው።