ስለ ሞተር ሳይክል ዘይት ቃላት አተረጓጐም

ለሞተር ሳይክል ነጂዎች ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ አንድ መምሪያ በቅርቡ እጃችን ገብቶ ነበር። ዐረፍተ ነገሮቹ የተቃኑ፣ ሰዋስዋቸውም ነቀፌታ የሌለበት ነው። ሆኖም ስለ ሞተር ዘይት አመራረጥና አቀያየር የሚናገረውን ምዕራፍ አምኖ የሚሠራበት ሰው ሞተሩን እንዳይጐዳ እንሠጋለን። ጥፋቱም የተርጓሚው ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ የእኛ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ነው።

በዘይት ጣሳ ላይ «10 ደብልዩ 40» የሚል ምልክት ይገኛል። ተርጓሚው «ደብልዩ»ን በአንድ ገጽ «ክብደት»፣ በሌላ ገጽ «ክረምት» ብሎታል። የመጀመሪያው ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ፊደሉ የቆመው «ዊንተር» ለሚለው ቃል ነውና። ሁለተኛው ግን መዝገበ ቃላት ስለሚደግፈው ይበልጥ ያሳስታል። ዊንተር የብርድ ወራት ነው፤ የኛ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቅ የዝናም ወራት ሲሆን፣ የደጋው ብርድ የሚበረታው ደግሞ በበጋው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። ስለዚህ አንባቢው ዘይቱ ለዝናም ጊዜ የተሠራ ይመስለዋል። በእርግጥ ከፊደሉ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምን ያህል እንደሚወፍር ያመለክታል። «የብርድ ቁጥር» እና «የሙቀት ቁጥር» ቢባሉ ይሻላል እንላለን።

ከሁሉ የከፋው «ፍሪሲዮን» ላይ የደረሰው ነው። ቃሉ በጣልያንኛ ፍትጊያንም መሣሪያውንም ይጠራል። መካኒኮቻችን የወሰዱት ግን ለመሣሪያው፣ ማለት የሞተሩን ኀይል ወደ ካምቢዮ ለሚያስተላልፈውና ለሚያቋርጠው ክፍል ብቻ ነው። የእንግሊዝኛው መምሪያ በአንዳንድ የመኪና ዘይቶች ውስጥ ከሚጨመር ፍትጊያ ቀናሽ ቅመም ሲያስጠነቅቅ፣ ትርጉሙ «የፍሪሲዮን ማሻሻያ ያለበት ዘይት አይደረግም» ይላል። ፍሪሲዮንን የሚያሻሽል ነገር ስለምን ይከለከላል? ነጂው ቃሉን የማተሚያ ስሕተት አድርጎ ያንኑ ዘይት ቢገዛ አይፈረድበትም። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚነከረው በዚያው በሞተሩ ዘይት ስለሆነ፣ ቅመሙ ሲገባ ሸራዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይከተልም። ጃፓኖች በ1998 እ.ኤ.አ. «ጃሶ» የተባለውን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ሲያወጡ፣ ፍትጊያን የሚጠብቀውን «ኤም ኤ»፣ ፍትጊያው ያነሰውን «ኤም ቢ» ብለው የለዩት በዚሁ ምክንያት ነው። እነዚህ ፊደላት መተርጐም የለባቸውም። «ፍሪሲዮን»ም ከጋራዥ ይውጣ አንልም፤ ጥፋታችን በመዝገባችን ውስጥ ከ«ፍትጊያ» ለይተን አለማስፈራችን ነው።

«ሲንተቲክ»ን «ሰው ሠራሽ» ማለትም አላስደሰተንም። በገበያ ሰው ሠራሽ ሲባል አስመስሎ የተሠራ ማለት ነው፤ ይህ ዘይት ግን ሙቀትን በመቋቋም ከተራው ይበልጣል።

አሮጌውን ዘይት ስለ ማስወገድ «አንጠፍጥፍ» ያለውን ግን እናመሰግናለን። «አፍስስ» ቢል ኖሮ እስከ መጨረሻው ጠብታ መጠበቅ እንደሚገባ አይገልጽም ነበር። የሚያሳዝነው ከዚሁ ጋር «ሞተሩ ሲግል» የሚል ማከሉ ነው። ምንጩ የሚለው ዘይቱ ቀጥኖ እድፉን ይዞ እንዲወርድ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ ሞቅ ይበል ነው። ለብ ማለትን፣ ሞቅ ማለትንና መጋልን በሚለይ ቋንቋ የማፍሰሻውን ቡሎን በጋለ ሞተር ላይ የፈታ ሰው እጁ ይቃጠላል። ሁለተኛ እትም ከታሰበ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህ ቃል እንዲታረም እንጠይቃለን።