የሳልጋዶ «ጄኔሲስ» ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ በ2008 ከላሊበላ ተነስቶ እስከ ስሜን ተራሮች 850 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ተጓዘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ 64 ዓመቱ ነበር። ጓዙን አህዮች ተሸክመውለት፣ መኪና የማይደርስበትን ገደልና ሸንተረር አቆራርጦ ያነሳቸው ምስሎች ታሸን በ2013 ባሳተመው «ጄኔሲስ» በተባለው ግዙፍ መጽሐፍ፣ አፍሪካን በሚመለከተው ክፍል ይገኛሉ። ያ ደጋ ለኛ ለወረታና ለፎገራ ሰዎች ጎረቤት ነው፤ ዘመድ ያለን፣ ለቅሶ የምንደርስበት፣ ከብት የምንገበያይበት አገር ነው። መጽሐፉን እንደ ሩቅ አገር አልበም አገላብጦ መዝጋት አይሆንልኝም።

ስለ ሳልጋዶ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወደሰው ዓይኑ ነው። እኔ ኔጌቲቩን ላስቀድም፤ የመጽሐፉ ትልቁ ሙያዊ ስኬትም፣ በኋላ የምወቅሰው ነገር መነሻም እዚያ ነው። የ«ጄኔሲስ»ን ሥራ በ2004 ሲጀምር የሚያነሳው በፊልም ነበር። የአየር ማረፊያ ፍተሻ እየጠበቀ ሲሄድ ፊልሙ በየአገሩ በኤክስሬይ እየተመታ ይጎዳበት ጀመር፤ በ2008 ወደ ዲጂታል ካሜራ ዞረ። ኮምፒውተር ላይ ፎቶ መምረጥ ግን አልለመደም፣ ሊለምድም አልፈለገም። ረዳቶቹ ምስሎቹን በትንንሹ በወረቀት ያትሙለታል፤ እሱ እንደ ድሮው በአጉሊ መነጽር እያየ ይለያል። ለተመረጠው ምስል የድሮው ፊልም ሸካራነት በሶፍትዌር ይጨመርለታል። ከዚያ ፋይሉ 4 በ5 ኢንች በሆነ እውነተኛ ፊልም ላይ በብርሃን ተጽፎ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ኔጌቲቩም ጨለማ ክፍል ገብቶ በብር ወረቀት፣ ማለትም የብር ማዕድን ጨው በተቀባ የፎቶ ወረቀት፣ ይታተማል።

በኢትዮጵያ ገጾች ላይ ማጎ አካባቢ በ2007 በፊልም የተነሱ የሙርሲ ሴቶች አሉ፤ በሽግግሩ ዓመት፣ በ2008፣ የተነሱ የደጋ ምስሎችም አሉ። ገጾቹን ደጋግሜ አገላበጥኩ፤ አሠራሩ ሲቀየር በምስሎቹ ላይ አንዳች ስፌት አይታይም። ጥቁሩ ያው ጥቁር፣ ደመናው ያው ደመና ነው። አንድ ፎቶ አንሺ መሣሪያውን በመንገድ መካከል ለውጦ ድምፁን ሳይለውጥ መቀጠሉ ቀላል ነገር አይደለም። ምስጋናው ለጨለማ ክፍል ባለሙያዎቹም ይገባል።

ከፋይል ወደ ኔጌቲቭ፣ ከኔጌቲቭ ወደ ወረቀት የሚሄደው ይህ መንገድ ዛሬ የትልልቅ ላቦራቶሪዎች ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ዳን በርክሆልደር በ1995 ዲጂታል ኔጌቲቭ ስለማዘጋጀት መጽሐፍ ከጻፈ ወዲህ፣ ብዙ አታሚዎች በተራ ኢንክጄት ፕሪንተር ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ኔጌቲቭ እያተሙ በፓላዲየም ይሠራሉ። ፓላዲየም የፕላቲነም ወንድም ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ዊሊስ የፕላቲነም ህትመትን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1873 ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፕላቲነም ሲወደድ ፓላዲየም ቦታውን ያዘ። አሠራሩ ለማስረዳት አይከብድም። ፌሪክ ኦክሳሌት የተባለው የብረት ጨው ከፓላዲየም ጨው ጋር ተቀላቅሎ በብሩሽ ወረቀት ላይ ይቀባል። ሲደርቅ ኔጌቲቩ በላዩ ይነጠፋል፣ በመስታወት ይጫናል፣ ለፀሐይ ይሰጣል። ማጉያ የለም፤ ፎቶው የኔጌቲቩን ያህል ነው። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች በአገራችን ያነሷቸው የመስታወት ኔጌቲቮችም የታተሙት እንዲሁ ወረቀት ላይ ተነጥፈው ነው።

ችግሩ ያለው ኔጌቲቩ ላይ ነው። ኔጌቲቭ ብርሃንን እንደ ወንፊት ያሳልፋል፤ የቀዳዳው ልክ ከወረቀቱ ጠባይ ጋር ካልገጠመ ምስሉ ወይ ይደበዝዛል ወይ ይደፈናል። የብር ወረቀት በኔጌቲቩ ስስና ወፍራም ቦታ መካከል 16 እጥፍ ገደማ የብርሃን ልዩነት ይበቃዋል። ፓላዲየም 64 እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ወረቀቱ የሚያየው አልትራቫዮሌት ጨረርን ነው፤ ለዓይናችን ስስ የመሰለ የቢጫ ወይም የአረንጓዴ ቀለም ጨረሩን ጥርቅም አድርጎ ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ አታሚው ከነጭ እስከ ጥቁር ደረጃ በደረጃ የተከፋፈለ መለኪያ አትሞ፣ ለፀሐይ ሰጥቶ፣ አጥቦ፣ የትኛው ደረጃ የት እንደጠፋ ይለካል። በልኬቱ መሠረት የማስተካከያ መስመር ሠርቶ ለእያንዳንዱ ፋይል ይጠቀምበታል። ጥላው ውስጥ ምን ይታይ፣ ምን ይሰወር የሚለው ፍርድ የሚሰጠው እዚህ ነው፤ ካሜራው ከተዘጋ ብዙ ቆይቶ።

የሳልጋዶ ፍርድ ለጨለማው ያደላል። ፀሐይን ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ከባድ ደመና ይጠብቃል፣ የሸለቆውን ጥላ እስከ ድፍን ጥቁር ይነዳዋል። የብር ወረቀት ለዚህ ይመቻል፤ ጥቁሩ ጥልቅ ነው። ከጄኔሲስ ምስሎች የተወሰኑት በፕላቲነምና ፓላዲየምም ታትመዋል። በዚያ አሠራር ጥቁሩ የብርን ያህል አይጠልቅም፤ በምትኩ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ግራጫ ይረዝማል፣ ይለሰልሳል። መጽሐፉ ግን የቆመው በጥቁሩ ላይ ነው፤ ደጋችንን ያልተነካ ጥንታዊ ምድር ያስመሰለውም ይኸው ጥቁር ነው። የእርሻው ወሰን፣ የእግር መንገዱ፣ የቤቱ ጭስ በጥላው ሲዋጥ የሚቀረው ተራራና ሰማይ ነው።

የምከራከረው ከዚህ ጋር ነው። የመጽሐፉ ሐሳብ ዘመናዊው ኑሮ ያልደረሰበትን ምድርና ሕዝብ ማሳየት ነው። ለአንታርክቲካ ይሠራ ይሆናል። የላስታና የስሜን ደጋ ግን በሺህ ዓመታት እርሻ የተጠረበ፣ ቤተ ክርስቲያን ከዓለት የፈለፈለ፣ ግብር የከፈለ፣ የዘመተና የተዘመተበት አገር ነው። የስሜን ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባና እስከ 2017 ድረስ እዚያው ቆየ። ምክንያቱ የሰፈራው፣ የእርሻውና የግጦሹ መስፋፋት፣ የዋልያውም ቁጥር መመናመን ነበር። ሳልጋዶ በ2008 ሲደርስ የተራመደው በዚህ ክርክር መካከል ነው። የግጭ መንደር ሰዎች ለፓርኩ ሲባል ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ የሄዱትም ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ከምስሎቹ አታገኙትም። የሰዎቹን ስምም አታገኙትም። ሱዛን ሶንታግ በ2003 ባወጣችው መጽሐፍ ስለ ስደተኞች ምስሎቹ ይህንኑ ወቅሳው ነበር፦ ታዋቂው ስም የፎቶ አንሺው ብቻ ነው፣ የተነሳው ሰው ስም የለውም። ከአሥር ዓመት በኋላም ነገሩ አልተሻሻለም።

ነገር ግን ሳልጋዶን እንደ አላፊ ቱሪስት መቁጠር ግፍ ይሆናል። በ1984 እና በ85 ረሃብ ኮረም ላይ ነበር፤ ከትግራይ ወደ ሱዳን ከሚሰደደው ሕዝብ ጋርም ነበር። ያኔ ያነሳቸው ምስሎች ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር በሠራው የሳህል መጽሐፍ ወጥተዋል። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ወደዚያው አገር ተመልሶ ሕዝቡን በጤናና በግርማ ማሳየቱ የልብ ሥራ ነው፤ ስለዚህም ላመሰግነው እወዳለሁ። በግንቦት 2025 ፓሪስ ላይ ሲያርፍ ኢትዮጵያ በሁለቱም ገጽታዋ በሥራው ውስጥ ነበረች፦ በረሃቧም፣ በተራራዋም።

በመካከል ያለችው፣ ዕለት ዕለት የምትለወጠው ኢትዮጵያ ግን የለችም። ፎገራ የዚህ ምስክር ነው። ከጣና በስተምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት ሩዝ የሚዘራበት አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ ኤክስ-ጅግና የተባለውን ዘር የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም እዚሁ ነው። አንድ ትውልድ ሳያልፍ የሜዳው መልክ፣ የከብቱ ግጦሽ፣ የማዕዱ ዓይነት ተለውጧል። ነሐሴ ላይ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ገደል የለው፣ ድፍን ጥላ የለው፤ ያለው ረጅም ግራጫ ነው። የሳልጋዶ ጥቁር እዚህ ምንም አይሠራም። ፓላዲየም ግን ለእንዲህ ያለው ብርሃን የተፈጠረ ያህል ነው። ወረቀቱ መጠነኛ እርጥበት ሲኖረው ጥቁሩ ያምራል፤ የጣና ዙሪያ ክረምት ይህን አይነፍገውም። ሲያባራ ደግሞ ፀሐዩ በሽ ነው።

ፓላዲየም ውድ መሆኑ አይካድም። ማንም በእሱ እንዲጀምር አልመክርም። ጆን ሄርሼል በ1842 የፈለሰፈው ሳያኖታይፕ የሚባለው ሰማያዊ ህትመት የሚፈልገው ሁለት ርካሽ ኬሚካሎች፣ ውሃና ፀሐይ ነው። ኔጌቲቭን መለካትና ማረም በእሱ ይለመዳል፤ ፓላዲየም ሲመጣ አዲስ ልኬት ያስፈልገዋል እንጂ እጁ ሥራውን አውቆታል።

እናም በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በወረታ ላላችሁ ፎቶ ቤቶችና ወጣት አንሺዎች፦ «ጄኔሲስ»ን ካገኛችሁ አትለፉት፤ የህትመቱን ጥራት አጥኑ፣ ሐሳቡን ተከራከሩት። ከዚያ ፕሪንተራችሁን ከፓስፖርት ፎቶ ሥራ ለአንድ ከሰዓት አሳርፋችሁ፣ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ የመጀመሪያውን መለኪያ አትሙ። የምታነሱትን ገበሬ ስሙንና ቀበሌውን ጠይቁ፤ ከፎቶው ሥርም ጻፉት።