የባዮጋዝ ጥቅምና ወጪ በእንሰት አገር እንዴት ይገመታል?

በ2001 ዓ.ም. የተዠመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በመዠመሪያው የአምስት ዓመት ዘመኑ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል 14,000 ማብላያ ለመሥራት አቅዶ ከ8,000 ጥቂት የሚበልጥ ሠራ። ሐዲያና ከምባታም ያን ጊዜ በደቡብ ክልል ውስጥ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሥራ በማብላያው ቍጥርና በተረፈው እንጨት ብቻ መመዘን ለእንሰት አገር አይበቃም እንላለን፤ ምክንያታችንም ሦስት ነው።

አንደኛው ስለ እበት ነው። በዚህ አገር እበት ከማገዶነቱ በፊት የእንሰት ማዳበሪያ ነው። ኩበት ሆኖ ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ ማብላያው ግን ሚቴኑን ብቻ ወስዶ ማዳበሪያውን በዝቃጩ ለጓሮው ይመልሳል። በእንጨት ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ትርፍ አያየውም።

ሁለተኛው ስለ ድካም ነው። ስድስት ሜትር ኩብ የሚይዝ ማብላያ ቢያንስ አራት ከብት፣ በየቀኑም ከእበቱ ጋር እኩል የሚቀላቀል ውኃ ይፈልጋል። ውኃው ከሩቅ ምንጭ የሚቀዳ ከሆነ የሴቶቹ ድካም ከእንጨት ለቀማ ወደ ውኃ ቀጂነት ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ይህን ድካም ያላስገባ ሒሳብ ወጪውን ደብቋል።

ሦስተኛው ስለ ምጣድ ነው። የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ወጥና ቡና ያፈላል፤ ሰፊውን ምጣድ ግን እኩል አያግለውም። ከቤተ ሰብ ማገዶ ብዙውን የሚበላው ምጣድ ስለ ሆነ፣ እንጀራውና ቆጮው በእንጨት መጋገሩ ይቀጥላል።

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሾኔ ከተሞች ደግሞ ከብት የሌለው ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ይሻላል፤ ሦስት ጉልቻ ከሚፈጀው እንጨት ግማሹን ያህል ያድናልና።

ይህን ስንል ባዮጋዝን መንቀፋችን አይደለም። ነገር ግን ማብላያው ተሰንጥቆ ጋዙ ቢያመልጥ፣ ሚቴን በመቶ ዓመት ሒሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ስለሚያሞቅ፣ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ስለዚህ ገማቹ ስንት ተሠራ ከማለት ይልቅ ዛሬ ስንቱ ይነዳል፣ ውኃውን ማን ይቀዳል፣ ዝቃጩስ ከእንሰቱ ሥር ደርሷል ወይ ብሎ ይጠይቅ።