ከላይ ቢሮ፣ ከታች ፓርኪንግ፦ የዋሽንግተን አካባቢ የሥራ ቁጥሮችን ስለማንበብ

የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየወሩ ከሚያወጣው አገር አቀፍ የቅጥር ዘገባ ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ የየከተማው ቁጥር ይከተላል። የእኛ አካባቢ በዚያ መዝገብ ስሙ «ዋሽንግተን-አርሊንግተን-አሌክሳንድሪያ» ነው። ዲሲን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉትን አጎራባች ካውንቲዎች፣ ከዌስት ቨርጂኒያም አንድ ቁራሽ ጨምሮ ከ3 ሚሊዮን በላይ የደመወዝ ሥራዎች ይቆጠሩበታል። ቁጥሩ ሲወጣ በአማርኛ ሬዲዮኖቻችን፣ በየኮሚኒቲ ስብሰባውና ከቅዳሴ በኋላ በየአዳራሹ የሚሰማው ትንታኔ ግን ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ይህ ዘርፍ አደገ፣ ያ ዘርፍ ቀነሰ፤ ስለዚህ ልጆቻችሁን ወደዚህ ላኩ፣ እናንተም ፈጠን ብላችሁ ሰርተፊኬት ያዙ! ለመሆኑ ይህ ሠንጠረዥ የሚቆጥረው ማንን ነው? እኛስ የትኛው ረድፍ ውስጥ ነን? ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልለይ። ቢሮውን ከሚያጥላሉት ወገን አይደለሁም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያለፉት ወራት ቁጥሮች ወደ ታች በመከለሳቸው ተቆጥተው ኦገስት 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የቢሮውን ኃላፊ ኤሪካ ማክኤንታርፈርን ሲያባርሩ፣ ከወገኖቻችንም «ድሮም ቁጥሩ ፖለቲካ ነው» ያሉ ነበሩ። መለኪያ መሣሪያ ይዞ የሠራ ሰው እንዲህ አይልም። የመጀመሪያው ቁጥር የሚወጣው የዘገዩት ድርጅቶች መልሳቸውን ሳይልኩ ነው፤ ሲልኩ ይከለሳል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ናሙናው ከሥራ አጥነት ኢንሹራንስ የግብር መዝገብ ጋር ተመሳክሮ ይታረማል። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ይፋ የሆነው የመጀመሪያ ደረጃ እርማት ከማርች 2025 አገር አቀፍ ቁጥር ላይ 911 ሺህ ሥራ ቀንሷል። ትልቅ ነው፤ ቢሆንም ከጠቅላላው አንድ በመቶ አይሞላም። ስሕተቱን ራሱ ለክቶ በአደባባይ የሚናገር መሥሪያ ቤት ከእኛ ምስጋና እንጂ ስድብ አይገባውም፤ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ያጣ አገር ምን እንደሚመስል የምናውቅ ሰዎች ነን። የእኔ ትችት መሣሪያው ዋሸ የሚል አይደለም። መሣሪያው ያልተሠራለትን ነገር ይለካልናል ብለን እናነበዋለን የሚል ነው።

ከረድፎቹ እንጀምር። በአካባቢያችን ከግሉ ክፍል ትልቁ ረድፍ «ሙያዊና የንግድ አገልግሎቶች» ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው ጠበቃ፣ አማካሪ፣ የሶፍትዌር መሐንዲስ፣ ባጠቃላይ ከረባት ያሰረ ሁሉ ይታየዋል። እውነትም አሉበት። ነገር ግን የጽዳት ኮንትራክተሩ ሠራተኛ፣ በየሕንፃው በር ላይ ዩኒፎርም ለብሶ የሚቆመው የሴኩሪቲ ኩባንያ ተቀጣሪ፣ በጊዜያዊ ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል ወደ መጋዘን የሚላከውም እዚያው ናቸው። ዘርፍ የሚመደበው በአሠሪው ዓይነት እንጂ በሠራተኛው ሙያ አይደለምና። የፌዴራል ሕንፃ ሌሊት የሚያጸዳ ሰው ደመወዙን ከመንግሥት ቢቀበል «መንግሥት» ነው፤ ሥራው ለኮንትራክተር ሲሰጥ፣ ያው ሰው ያንኑ ወለል በዚያው መጥረጊያ ቢጠርግም፣ በማግስቱ «ሙያዊና የንግድ አገልግሎት» ይሆናል። በሠንጠረዡ ላይ መንግሥት ቀነሰ፣ ሙያዊው ዘርፍ አደገ ይባላል። ሰውየው ያገኘው ለውጥ ቢኖር የጡረታውና የሕክምና ኢንሹራንሱ ጉዳይ ነው። ንዑስ ረድፎቹን ገልጦ ያየ ሰው ጠበቃውን ከጠራጊው ይለየዋል፤ በሬዲዮ የሚነበበው ግን ርዕሱ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው «ሌሎች አገልግሎቶች» የሚባለው ረድፍ ነው። ፓርኪንግ የተመደበው እዚህ ነው። አብረውት ያሉት እነማን ናቸው? መኪና ጠጋኝ፣ ጸጉር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ቀብር አስፈጻሚ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የሙያ ማኅበራትና የመብት ተሟጋች ድርጅቶች። ዋሽንግተን ደግሞ የማኅበራት ከተማ ናት። ይህ ረድፍ ሲያድግ ያደገው ኬ ስትሪት ላይ ያለው ማኅበር ይሁን ከሥሩ ያለው ፓርኪንግ ከርዕሱ አይታወቅም። አንድ የዳውንታውን ሕንፃ አስቡ፦ አሥረኛው ፎቅ ላይ የሕግ ቢሮ፣ ምድር ላይ ምግብ ቤት፣ ከምድር በታች ሁለተኛው ደረጃ ላይ ፓርኪንግ። ሠንጠረዡ በሦስት የተለያዩ ረድፎች ያስቀምጣቸዋል፤ በኑሮ ግን አንድ አሳንሰር ያገናኛቸዋል። በ2020 የጸደይ ወራት ይህን በዓይናችን አይተናል። በኤፕሪል ወር ብቻ በአገር ደረጃ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሥራ ሲጠፋ፣ የሕግ ባለሙያው ላፕቶፑን ይዞ ቤቱ ገባ፤ ደመወዙም አልተቋረጠም። ምግብ ቤቱና ፓርኪንጉ ባዶ ቀሩ። ከዚያም የላይኛው ረድፍ ሲያገግም ብዙው ሰው ቢሮ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሆነና፣ የላይኛው ፎቅ ዕድገት እንደ ድሮው ወደ ታች አልወረደም። «የዋሽንግተን ኢኮኖሚ ተመለሰ» ሲባል የተመለሰው ደመወዙ ነበር፤ መኪናው አልተመለሰም።

ይህም ሆኖ ፓርኪንግ ቢያንስ ረድፍ አለው። የከተሞቹ ሠንጠረዥ የተመሠረተበት የድርጅቶች ዳሰሳ የሚቆጥረው በአሠሪ የደመወዝ መዝገብ ላይ ያለን ሥራ ነው። ራሱን የቀጠረ አይቆጠርም። በሰው ቤት ልጅ የምታሳድግ ወይም አረጋዊ የምትጠብቅ፣ ደመወዟንም በቀጥታ ከቤቱ ባለቤት የምትቀበል እህታችን አትቆጠርም። በሌላ በኩል ቀን ሆቴል፣ ሌሊት ነርሲንግ ሆም የሚሠራው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። (እንግዲህ ከእኛ ሰው አንዱ ዜሮ፣ አንዱ ሁለት ነው ማለት ነው!)

በዚህ መነጽር የዲሲን ታክሲ ታሪክ እንመልከት። የዲሲ ታክሲ ለአሥርተ ዓመታት በዞን ነበር የሚያስከፍለው። ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ በ2007 በሜትር እንዲተካ ወሰኑ፤ ሹፌሮቹ አድማ መቱ፤ በ2008 ሜትሩ ገባ። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ኡበር ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለዚህ ገጽ አንባቢ መተረክ አያስፈልግም፤ በታክሲ ልጆች ያስተማሩ አባቶች ወይ ሥራውን ተዉት፣ ወይ እነሱም ስልካቸውን ዳሽቦርድ ላይ ለጥፈው የመተግበሪያ ሹፌር ሆኑ። ማኅበረሰባችን በዚህ ከተማ ካየው የሥራ ለውጥ ከዚህ የሚስተካከል ጥቂት ነው። አሁን ወደ ሠንጠረዡ እንመለስና፣ ይህ ሁሉ የትራንስፖርቱ ረድፍ ላይ ምን ምልክት ተወ ብለን እንጠይቅ። ምንም ማለት ይቻላል። የዲሲ ታክሲ ሹፌር አብዛኛው ራሱን የቀጠረ ነበር፤ አልተቆጠረም። የኡበር ሹፌርም በኩባንያው ዘንድ ኮንትራክተር ነው፤ አይቆጠርም። ዜሮ ወጥቶ ዜሮ ገባ። አንድ ሙያ ሲፈርስና ሌላው ሲተካው የመሣሪያው ቀስት አልተነቃነቀም። ያኔ ሠንጠረዡን እያነበቡ «በትራንስፖርት ዘርፍ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም» ማለት ይቻል ነበር፤ ቁጥሩም አይቃወማቸውም።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። «ዋሽንግተንን ውድቀት አይነካትም፤ መንግሥት አይከስርም» የሚለው እምነት በእኛ ዘንድ እንደ ሃይማኖት ነበር። በ2008 እና 2009 ሌላው ከተማ ሲናወጥ የእኛው በአንጻሩ ጸንቶ መቆየቱ አጠናከረው፤ የ2013ቱ የፌዴራል በጀት ቅነሳ በር ሲያንኳኳ የሰማ ጥቂት ነው። ጃኑዋሪ 2025 ላይ የፌዴራል ሠራተኞች በፈቃዳቸው እንዲለቁ የሚጋብዘው ኢሜይል መጣ። ዩኤስኤይድም ፈረሰ፤ ጁላይ 1 ቀን 2025 በይፋ ተዘጋ። በዚያ በጋ ሠንጠረዡን ይዘው «ይኸው፣ የፌዴራሉ ረድፍ እንደተፈራው አልወረደም» የሚሉ አዋቂዎች ነበሩን። ለምን አልወረደም? ግብዣውን ከተቀበሉት አብዛኞቹ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ደመወዝ እየተከፈላቸው ቤታቸው ተቀምጠው ነበርና። በዳሰሳው ደንብ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ቢሮው ይህንኑ በዘገባዎቹ ላይ በግልጽ ጽፎታል፤ አንባቢው ነው የዘለለው። በዩኤስኤይድ ውል ይሠሩ የነበሩት የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ደግሞ ቀድሞውኑ ፌዴራል ረድፍ ውስጥ አልነበሩም። የእነሱ መባረር «መንግሥት» የሚል ስም በሌለው ረድፍ ውስጥ፣ ከጠበቃውና ከጠራጊው ጋር ተደባልቆ ነው ያለፈው። ኦክቶበር ሲደርስ የአገሪቱ የፌዴራል ቅጥር በአንድ ወር 162 ሺህ ያህል ወረደ። ይህም ቁጥር በመንግሥት መዘጋት ምክንያት የተሰማው ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ነው። የሥራ አጥነት መጠን የሚወጣበት የቤተሰቦች ዳሰሳ ለዚያ ወር ጭራሽ ስላልተሰበሰበ፣ የኦክቶበር 2025 ሳጥን ባዶ ነው። ሰው በጁን የወጣውን ሠንጠረዥ አምኖ የሠላሳ ዓመት የቤት ዕዳ ቢፈርም በማን ይፈረዳል?

በዚህ ሁሉ መካከል የሚሰጠን መጽናኛ ዳታ ሴንተር ነው። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝና እዚህ ላይ ጥቂት ብል አይፈረድብኝም። በ1990ዎቹ ከኢንተርኔት ዋና ዋና መገናኛዎች አንዱ የነበረው ሜይ-ኢስት የሚገኘው ታይሰንስ ኮርነር በአንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ በተከለለ ክፍል ነበር። (በዚያ ዘመን በአካባቢው ፓርኪንጎች ትኬት የሚቆርጠው ማን እንደነበር መቼም ይታወቃል።) ዛሬ ላውደን ካውንቲ፣ አሽበርን ዙሪያ፣ የዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር ክምችት አለ። ካውንቲው ከግብሩ በእጅጉ ተጠቅሟል። ሥራውስ? ሕንፃው ሲሠራ ለአንድ ለሁለት ዓመት ብዙ መቶ ሰው፣ ኤሌክትሪሻን፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ መሐንዲስ ይፈልጋል፤ ሲያልቅ የሚቀረው በአሥሮች የሚቆጠር ነው፣ ከእነሱም ብዙዎቹ የኮንትራክተር ሰዎች ናቸው። ግንበኛው ኮንስትራክሽን ረድፍ፣ ዘበኛው ያው «ሙያዊ» ረድፍ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ዳታ ሴንተር ሥራ ፈጠረ» ለሚለው ሰው ጥያቄዬ በየትኛው ረድፍ፣ ለስንት ወር የሚል ነው። ለልጆቻችን ከሰርቨር ሰርተፊኬት ይልቅ የኤሌክትሪሻን ማኅበር የሙያ ልምምድ ብትነግሯቸው የተሻለ ዕድል አላቸው ባይ ነኝ። ይህን ስል አንዳንድ ወላጆች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ።

ነገሩ የአነባበብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በ2014ቱ የሥራ ኃይል ሕግ መሠረት የየአካባቢው ቦርዶች የሥልጠና ገንዘብ ሲመድቡ «ተፈላጊ» የሚሏቸውን ዘርፎች ይመርጣሉ፤ የሚመርጡትም እንዲህ ያለውን የሥራ ገበያ ቁጥር አይተው ነው። ረድፍ የሌለው ሰው ለዕቅድ አይታይም። የእኛ ማኅበራት ደግሞ የድጋፍ ማመልከቻ ሲጽፉ ያንኑ ሠንጠረዥ ገልብጠው ሲያቀርቡ አያለሁ። እኛን በማያይ መነጽር ራሳችንን ልናሳይ እንደክማለን ማለት ነው።

ሌላ ምንጭ አለ። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ሠራተኛ ስለሌላቸው የግል ሥራዎች ከግብር መዝገብ የሚያጠናቅረው ቁጥር እስከ ካውንቲ ድረስ ይገኛል። ኡበርና መሰሎቹ ከተስፋፉ በኋላ የታክሲና ሊሙዚን ዘርፍ በአገር ደረጃ እንዴት እንደተተኮሰ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ችግሩ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ መውጣቱ ነው። በ2025 ከልማት ፕሮጀክት የተባረረ ባለማስተርስ ስንቱ መሪ እንደጨበጠ በቶሎ የሚነግረን የመንግሥት ሠንጠረዥ የለም። ይህን ራሳችን መቁጠር እንችላለን። ሰልፍ ላይ ስንት ሰው ወጣ በሚል ወር ሙሉ የምንነታረክ ሰዎች፣ በየእሑዱ በአንድ አዳራሽ የሚሰበሰቡትን መቶዎች ምን ትሠራላችሁ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ዕድሮቻችን የአባላት መዝገብ አላቸው። ቅጹ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ ስም አይጻፍበትም። ያለፈው ዓመት በዚህ ወር ምን ይሠሩ ነበር፣ ዛሬ ምን ይሠራሉ፣ በስንት ቦታ፣ ክፍያው በደመወዝ ቼክ ነው ወይስ በመተግበሪያ ወይስ በእጅ፣ የሕክምና ኢንሹራንስ አለው ወይ። በየስድስት ወሩ፣ በዚያው ሳምንት፣ ያንኑ ጥያቄ። ስሌቱን እኔና መሰሎቼ በነጻ እንሠራለን።