አመሉን ሳይሸሽጉ

«አመል ያወጣል ከመሃል» ይላል የአገሬ ሰው። እንግሊዝ አገር፣ ከለንደን ወጣ ባለ የውሻ መጠለያ ስሠራ አመሉ ከሰው መሃል ያስወጣው ውሻ ሳይመጣ ያለፈ ወር አላስታውስም። ከሁሉም ብዙ ያስተማረኝ የ11 ወር ጃክ ራስል ቴሪየር ነው። ክብደቱ ሰባት ኪሎ አይሞላም፤ ከአንድ ቡናማ ጆሮው በቀር ነጭ ነው። በብስክሌት የሚያልፈውን ሁሉ ያሳድዳል፣ ሳህኑ አጠገብ የደረሰውን እግር ይነክሳል፣ አጥር ሥር ቆፍሮ ይወጣል። ያሳደጉት ባልና ሚስት ሲያስረክቡን ሚስትየዋ ታለቅስ ነበር።

ጥፋት የምንለው አብዛኛው ነገር ውሻው የተዳቀለለት ሥራ ነው። «ቴሪየር» የሚለው ስም ራሱ ምድር ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ቀበሮን ተከትሎ ጉድጓድ እንዲገባ፣ አይጥ እንዲይዝ ከትውልድ ትውልድ ተመርጧል። የጃክ ራስል ዘር የተሰየመባቸው የዴቨኑ ቄስ ጆን ራስል፣ እ.ኤ.አ. በ1819 ኦክስፎርድ ተማሪ ሳሉ የገዟት «ትራምፕ» የምትባል ውሻ የዘሩ እናት ተደርጋ ትቆጠራለች። ከመሬት በታች፣ በጨለማ፣ ከቀበሮ ጋር የተፋጠጠ ውሻ የጌታውን ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ብቻውን ይወስናል። እንዲህ ያለውን ፍጥረት፣ ያውም በጉርምስናው፣ ፎቅ ላይ ዘግቶ «ለምን አይታዘዝም?» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

መጀመሪያ የተገኘለትን ቤት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መግለጫው ላይ «ንቁና ተጫዋች» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ምግቡ ሲጠይቁኝ «ትንሽ ይቆጣል» አልኩ። ቤት እንዲያገኝ ጓጉቼ ነበር። በዘጠነኛው ቀን መለሱት፤ የልጃቸው እጅ ላይ ጥርሱ አርፎ ነበር። ቁስሉ ቀላል ቢሆንም ልጁ ውሻ ፈሪ ሆነ፣ ውሻውም መዝገቡ ላይ ተናካሽ ተብሎ ተጻፈ። ሁለቱንም የበደላቸው የእኔ ማለሳለስ ነው።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ነገሩን ስነግራት «ልጄ፣ አንተ የያዝከውማ ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ነውር ደብቆ ካጋባ ትዳሩ አይቆምም፤ እርግማኑም ለሽማግሌው ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የምሠራው በዚህ ቃል ነው።

መጀመሪያ ውሻውን ለእንስሳት ሐኪም አሳየሁት፤ ጥርሱን ወይም ጆሮውን የሚያመው ውሻ ሊናከስ ይችላልና። ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ ሦስት ሳምንት አብሬው እየዋልኩ ያየሁትን በየዕለቱ ጻፍኩ። «ይናከሳል» የሚል ቃል ለማንም አይጠቅምም። መቼ? ማንን? ከመናከሱ በፊትስ ምን ያደርጋል? ይኸኛው መጀመሪያ ደርቆ ይቆማል፤ ከዚያ የዓይኑ ነጭ ይታያል፤ ከዚያ ያጉረመርማል፤ ጥርሱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ማጉረምረሙን በቁጣ ማፈን ከባድ ስህተት ነው። ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ንክሻው ግን ይቀራል። እኔ በሳህኑ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር፣ ከሩቁ፣ ሳህኑ ውስጥ ካለው የሚሻል ቁራጭ ሥጋ እጥልለት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የእግሬን ኮቴ ሲሰማ ጅራቱን እየቆላ ቀና ይል ነበር።

ከዚህ በኋላ ቤት መምረጥ መጣ። ብዙ ሰው «ያሳዝናል፣ እኔ ልውሰደው» ይላል። ማዘን ደግ ነው፤ ዝናብ እየዘነበ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ውሻ ይዞ የሚያስወጣው ግን ማዘን ብቻውን አይደለም። ስለዚህ «ውሻ ትወዳላችሁ?» አልልም፤ «የትናንት ውሏችሁን ከጠዋት እስከ ማታ ንገሩኝ» እላለሁ። ሁለት ድመት ያላቸውን ቤተሰብ መለስኩ። በምርኩዝ የሚሄዱ አንድ አዛውንትን ዕድሜው ከገፋ፣ ዝግ ካለ ውሻ ጋር አገናኘኋቸው። እምቢ ማለት የሥራው ግማሽ ነው።

በመጨረሻ ከኬንት አንዲት ሴት መጣች። ፈረስ ታረባለች፣ ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፣ ከዚህ በፊት ሁለት ቴሪየር አሳድጋለች። የጻፍኩትን ሁለት ገጽ ሰጠኋት። ከእሷ በፊት ያነበቡት ሁሉ «ይህን አመሉን ይተዋል?» ነበር ያሉኝ። እሷ እስከ መጨረሻው አንብባ «ሲቆፍር ስንት ክንድ ይወርዳል?» አለችኝ። ቤቱ መገኘቱን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ቢሆንም አልቸኮልንም። ሦስት ጊዜ ተገናኝተው ጎን ለጎን በእግራቸው ተጓዙ። እሷ አጥሯ ሥር የሽቦ መረብ ቀበረች። ካልተስማሙ ውሻው ለሦስተኛ ሰው ሳይተላለፍ ወደ እኛ እንዲመለስ ፈረመች። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሕግ የሚያስገድደው የማይክሮቺፕ ምዝገባም ወደ ስሟ ተዛወረ። በሙያችን እንደሚባለው ሦስት ቀን ለመረጋጋት፣ ሦስት ሳምንት ቤቱን ለመልመድ፣ ሦስት ወር የቤቱ ሰው ለመሆን ያስፈልጋል አልኳት። በወሰደችው በሃያኛው ቀን ደወለች። አጥንት ይዞ አጉረምርሞባት፣ ወረቀቱ ላይ እንዳነበበችው ወደ ኋላ ብላ ሥጋ ጥላለታለች። ድምጿ ውስጥ ድንጋጤ አልነበረም፤ የምታውቀው ነገር ነበርና።

ዛሬ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ብስክሌት ማሳደዱን አልተወም፤ መንገድ ላይ ከገመዱ አይፈታም። በጋጣው ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ አይጥ ሲያድን ይውላል፣ ማታ ደክሞት እግሯ ሥር ይተኛል።

ውሻችሁን ለሌላ ለመስጠት የተገደዳችሁ፣ ማንን፣ መቼና ምን ሲሆን እንደነከሰ ጽፋችሁ ስጡ፤ ለማታውቁት ሰው «በነፃ ውሰድ» አትበሉ። የምትቀበሉም ያንን ወረቀት ሳታነቡ ገመዱን አትጨብጡ።