ቁም ዜማው የት ገባ?

ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህች አጭር ርቀት ግን መኪና ወደ 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ ያጓራል፤ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላ የተቀመጠ መንገደኛ ከጎኑ ካለው ጋር ለመጫወት መጮኽ አለበት። በዚሁ መካከል ሹፌሩ የማኅሌት ቅጂ ይከፍታል። መቼም የአገራችን ሰው ነውና ማኅሌት ቢወድ አያስገርምም። የሚያስገርመው የሚሰማው ነገር ነው። ቁም ዜማው ጨርሶ አይሰማም፤ ከበሮው ሲገባ ደግሞ ጆሮ ይበጥሳል። ሹፌሩ መጀመሪያ ድምፁን ይጨምራል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደንግጦ ይቀንሳል። እጁ ከመሪው የሚነሣውም አንዳንዴ ጠመዝማዛው ላይ ነው።

መድኀኒቱ ቀላል ይመስላል። ዝቅ ያለውን አንሣ፣ ከፍ ያለውን ጫን፣ አለቀ። ሬዲዮ ጣቢያዎች የሚያስተላልፉትን ሁሉ እንዲህ ይደለድሉታል፤ ቅጂ የሚያዘጋጁም ብዙዎቹ ይህንኑ ያደርጋሉ። እኛም መደልደሉን በጅምላ ለመቃወም አልተነሣንም። የምንተቸው እንዴት እንደሚደለደልና ከተደለደለ በኋላ ዋናው ቅጂ የት እንደሚገባ ነው።

አብዛኛው አንባቢያችን የማኅሌቱን ሥርዓት ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ግን ባጭሩ እንበል። አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል። ቀጥሎ መረግዱ ይመጣል፤ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ። በመጨረሻ ጽፋቱ፣ ጭብጨባው፣ የከበሮው ጥድፊያ። ቃሉ ያው ነው፤ እየከበደና እየሞቀ የሚሄደው አባባሉ ነው። እንግዲህ ቁም ዜማውን ወደ ጽፋቱ ቁመት ብናነሣው፣ ጽፋቱ ሲደርስ ምኑ ይሞቃል?

በውጭው ዓለም ዘመድ ብንፈልግለት የፈረንሳዩ ራቬል ቦሌሮ አለ። በ1928 እ.ኤ.አ. የተደረሰ ነው። አንድ ዜማ ሩብ ሰዓት ያህል ይመላለሳል፤ መነሻው እምብዛም የማይሰማ ከበሮ፣ መድረሻው ሙሉ ኦርኬስትራ ነው። ይህን ሥራ አስተካክላችሁ ደልድሉት፣ የሚተርፋችሁ ድግግሞሽ ብቻ ነው። የሃይድን 94ኛ ሲምፎኒም እንዲሁ ነው። በ1792 ለንደን ላይ መጀመሪያ ሲሰማ በሁለተኛው ክፍሉ ቀስ ብሎ ይሄድና ድንገት ይጮኻል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሬዲዮው ቀስ ያለውን ካስጮኸው ማን ይደነግጣል?

ታዲያ አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ “ማኅሌት በመኪና መስማት ከነአካቴው ይቅር” ይላሉ። ይሄ ለኛ አይዋጥልንም። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ባሕር ዳር የሚሄድ፣ ወይም ቻይናውያን በሠሩት መንገድ በጋይንት በኩል ወልዲያ የሚሻገር ሰው ቀኑን መኪና ውስጥ ነው የሚውለው። ምን ይስማ? ደግሞም ሒሳቡ አይፈቅድም። ድምፅ በዴሲቤል ይለካል፤ ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሯችን እጥፍ የጮኸ ይመስለናል። በመንገድ ላይ የአንድ መኪና ውስጥ ጩኸት 70 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ዳገት ላይ ያረጀ አውቶቡስ ከዚያ ያልፋል። ከ85 በላይ ሲዘወተር ደግሞ ጆሮ ይጎዳል። ስለዚህ ለዜማው የቀረለት ቦታ 15 ዴሲቤል ቢሆን ነው። ጸጥ ባለ አዳራሽ ኦርኬስትራ ከ30 ተነሥቶ እስከ 100 ሊደርስ ይችላል። ያንን በ15 ውስጥ ማስገባት ጋቢ በክብሪት ቀፎ እንደ መክተት ነው፤ ሳይታጠፍ አይገባም። ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ፣ ጣራ ገዳም ዛፎቹ መካከል በሌሊት የቆመ ሰው ግን ይህ ጭንቅ የለበትም። እዚያ የሚወዳደር ሞተር ስለሌለ አንድ አረጋዊ ከደረታቸው ዝቅ አድርገው ቢያዜሙ በሩቁ ይሰማሉ።

እዚህ ላይ የሚምታታ ነገር አለ። ዝግ ያለ ድምፅና ሰፊ ድምፅ አንድ አይደሉም። በገናን እንውሰድ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩት መምህር ዓለሙ አጋ ሲደረድሩ ድምፃቸው ከጨዋታ ድምፅ እምብዛም አይወጣም፤ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከዚያው ብዙም አይርቅም። ይህን በመኪና ለመስማት መደልደል አያስፈልግም፤ ቁልፉን አንዴ ከፍ አድርጎ መተው ይበቃል። በገናን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። የአሥሩ አውታር ንዝረት፣ በእንዝራው ቆዳ የሚፈጠረው ያ ግርማ ያለው ዝዝታ፣ ዝቅ ካለው የሞተር ድምፅ ጋር እየተቀላቀለ ይጠፋል። ዝቅ ያለ ጩኸት ዝቅ ያለውን ዜማ ቀድሞ ይሸፍናልና። ሹፌሩ በዚህ ላይ ቤዙን ሲጨምርበት (ሳይጨምር የሚቀር ሹፌር ካለ እስቲ አሳዩን) ሞተሩና አውታሩ አንድ ይሆናሉ። በማኅሌቱም ቅጂ ቤዝ ሲበዛ የሚጠቀመው ከበሮው ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በስልክ የተቀዳው ነው። ስልኩ ለንግግር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ድምፁን በራሱ ይደለድላል። ጸጥ ሲል ያነሣል፣ ሲጮኽ በቅጽበት ይጫናል። ከበሮው “ድም!” ሲል የመዘምራኑ ድምፅ አብሮ ይሰምጣል፤ ከበሮው ሲያባራ ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ እንደገና “ድም!” እንደገና መስመጥ። ሊቃውንቱ ሁለት ረድፍ ሆነው ፊት ለፊት ቆመው ባንድ ልብ የሚሉትን፣ ቅጂው ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ያስመስለዋል። እንዲህ ያለውን ቅጂ ሰምቶ “ማኅሌቱ አልሰመረም” የሚል ሰው ገጥሞናል፤ ያልሰመረው ማኅሌቱ ሳይሆን ስልኩ ነው።

ነገሩን ለምን እንዳከበድነው እንናገር። የድጓው ምስክር ቤተልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ነው፤ ሁለቱም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ምድር ናቸው። የዜማው ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተሠራ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ርክርክ እያለ ምልክቱ የዜማውን አካሄድ ይመራል። ደረትን “ቀስ በል” ብሎ የሚተረጉም አለ፤ ደረት ግን ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ነው የሚናገረው። ቁም ዜማው ከመረግዱ ምን ያህል ዝቅ ይበል የሚለውን ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበለዋል። እንግዲህ ይህ ልዩነት የሚኖረው በጆሮ ውስጥ ነው፤ ከጆሮ ሌላ ምስክሩ ቅጂ ብቻ ነው። ያ ቅጂ ተደልድሎ፣ ዋናው ተሰርዞ፣ የተደለደለው ብቻ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የጠፋውን ከመጽሐፍ ልንመልሰው አንችልም። መምህር ፊት ቁጭ ብሎ ለማያውቅ፣ ከተማ ላደገ ልጅ፣ ማኅሌት ማለት ያ ጠፍጣፋ ነገር ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለአዘጋጆች የምንለው ይህ ነው። ዋናው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ለጉዞ የሚሆነው “የመንገድ ቅጂ” ተብሎ ተጽፎበት ለብቻው ይውጣ። በመንገድ ቅጂውም ከበሮውን ከመደብደብ ይልቅ ቁም ዜማው ቀስ እየተባለ ከታች ይነሣ። ማሽኑ በየምቱ አይዝለል፤ ሰው በእጁ ቁልፍ እንደሚያዞር ያህል በዝግታ ይሂድ። ጫናውም በዛ ቢባል ሁለት ለአንድ ይሁን፤ ማለት ከተወሰነው ጣሪያ በላይ 10 ዴሲቤል የሚወጣው 5 ይሁን። ከከበሮው ሥር ያለው ወፍራም ጉምጉምታ ትንሽ ይቀነስ፤ ለሰው ድምፅ ቦታ ይለቃል። ማሽን ለሌለው ደግሞ ቀላሉ መንገድ ስልኩን ከከበሮው ርቆ ከመዘምራኑ ወገን ማስቀመጥ ነው። ይሄ ሳንቲም አያስወጣም።

አዘጋጁ ቅጂውን ከማሠራጨቱ በፊት ከወረታ እስከ ዓለም በር ተሳፍሮ ይስማው። ከዚያ ማታ እቤቱ፣ ሞተር በሌለበት፣ ይድገመው። ቁም ዜማው በሁለቱም ቦታ ከተሰማ፣ በሁለቱም ቦታ ደግሞ ከመረግዱ ዝቅ ብሎ ከተሰማ፣ ያሠራጨው።